ፋርማኮሎጂን ለነርስ ተማሪዎች በየትኛው መንገድ እናስተምር? ለመምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በጽሑፍ ፈተና ላይ ጄንታማይሲን የባክቴሪያውን ፕሮቲን የመሥራት አቅም እንዴት እንደሚያውክ፣ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን እንዴት እንደሚጎዳ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ለተግባር ልምምድ በወጣችበት ክፍል 3 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን ታዘዘ። 15 ሚሊ ግራም መሆኑን በትክክል አሰላች፤ ቀጥላም 1.5 ሚሊ ሊትር ሳበች። ስሌቷ 20 ሚሊ ግራም ለሚይዘው አምፑል ልክ ነበር። በእጇ ያለው ግን 80 ሚሊ ግራም የሚይዘው ነበር። ሁለቱም አምፑሎች 2 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ሲሪንጁ ውስጥ የገባው 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘው አራት እጥፍ ነው። አብራት የቆመችው ሲስተር አምፑሉን አየችና እጇን ያዘቻት። ሕፃኑ ምንም አልሆነም።

ያን ዕለት ማታ የማስተማሪያ ማስታወሻዬን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥሁት። ስለ ጄንታማይሲን አራት ገጽ ጽፌአለሁ፤ መድኃኒቱ በሁለት ዓይነት አምፑል እንደሚመጣ የሚናገር አንድ መስመር ግን የለም። ተማሪዋ ያላስተማርኳትን አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ በጅማ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ገለጻውንም፣ የታካሚ ታሪኩንም፣ የክህሎት ቤተ ሙከራውንም፣ የዋርዱን ትምህርትም፣ ቪዲዮውንም ሞክሬአለሁ። ይህ ጽሑፍ የቱ ለምን እንደሚጠቅም፣ የቱ የት ላይ እንደሚያነክስ ለሥራ ባልደረቦቼ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁ፣ በጀት ለሚያጸድቁ፣ ነገ ጠዋት 60 ተማሪ ፊት ለሚቆሙም ጭምር።

መመዘኛዎቹ

መንገዶቹን ከማወዳደራችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። እኔ አምስት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስለ እጅ ነው፦ ተማሪው በመጨረሻ ትክክለኛውን መጠን ከትክክለኛው አምፑል ይስባል ወይ? ሁለተኛው ስለ ማስታወስ ነው፦ ፈተናው ካለፈ ከስድስት ወር በኋላ ምን ይቀራል? ሦስተኛው ስለ ማመዛዘን ነው። ነርስ መድኃኒት መስጠት ብቻ ሳይሆን መቼ አለመስጠት እንዳለበትም ማወቅ አለበት። ዲጎክሲን የታዘዘለት ጎልማሳ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ነርሱ መድኃኒቱን አቆይቶ ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ ትእዛዝ ነው ብሎ አይሰጥም። አራተኛው ስለ ቁጥር ነው፦ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይዞ ሊሠራበት ይችላል? አምስተኛው ስለ አቅም ነው፦ ገንዘብ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመምህሩ የዝግጅት ሰዓት።

የመውጫ ፈተናን ለብቻው መመዘኛ ያላደረግሁት አውቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ይፈተኑታል፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተናም ይጠብቃቸዋል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን መድኃኒቱን በእጁ፣ በልቡናውና በማመዛዘኑ የያዘ ተማሪ የምርጫ ጥያቄውንም ይመልሳል። ምርጫ ብቻ ያጠና ተማሪ ግን ዋርድ ሲገባ ይጨነቃል።

ገለጻ

ሁላችንም ያደግንበት መንገድ ነው፤ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል። ዛሬ ዛሬ ገለጻን ማጥላላት የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፋርማኮሎጂ ሥርዓት ያለው እውቀት ነው፤ ሥርዓቱን የሚያሳይ ሰው ያስፈልገዋል። መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ጉበት እንዴት እንደሚለውጠው፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚያስወጣው ተማሪው በራሱ ተንገዳግዶ እንዲያገኘው መተው ጊዜ ማባከን ነው። በ«ሎል» የሚያልቁት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን፣ በ«ፕሪል» የሚያልቁት ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ሌላ ቤተሰብ መሆናቸውን በአንድ ሰዓት ያስረዳ መምህር ተማሪውን ከብዙ ሽምደዳ ያድነዋል። ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል፤ 100 ተማሪም ቢሆን ያስተናግዳል።

ጉድለቱ እጅ ላይ ነው። በገለጻ ብቻ ሲሪንጅ መያዝ የተማረ የለም። ማስታወስ ላይም ደካማ ነው፤ የሰሙት ወዲያው ይተናል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሌላም ችግር ይጨምርበታል። ዝናቡ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ስላይዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገለጻን የመረጠ ሰው በስላይድ ላይ ብቻ አይደገፍ። በየ20 ደቂቃው ያቁም፤ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚቀላቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ ተወያይተው ይመልሱ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም መረዳቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚፈጸም ሁላችንም እናውቃለን።

በታካሚ ታሪክ ላይ የተመሠረተ የቡድን ውይይት

በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ። ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች አንድ የታካሚ ታሪክ ይሰጣቸዋል፤ ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደሚጎድላቸው ይለያሉ፤ አንብበው ተመልሰው ይከራከራሉ።

ማመዛዘንን ለማስተማር ከመማሪያ ክፍል ሳይወጡ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ግን ሁሉም የታካሚ ታሪክ እኩል አይደለም። ብዙዎቻችን የምናዘጋጀው ታሪክ የተደበቀ የጥያቄ ዝርዝር ነው፦ «ወይዘሮ እገሊት 28 ዓመቷ ነው፤ ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጥቷታል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ዘርዝሩ።» ይህ ታሪክ አይደለም። ጥሩ ታሪክ ውስጥ ውሳኔ አለ። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ስጧቸው፦ በእርግዝናዋ መጨረሻ ኤክላምፕሲያ (ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) የያዛት እናት የመጀመሪያውን የማግኒዚየም ሰልፌት መጠን ወስዳለች። አራት ሰዓት አልፏል፤ የሚቀጥለው መርፌ ደርሷል። ነርሷ ስትመረምራት በደቂቃ 12 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ጉልበቷ ሲመታ አይወነጨፍም። ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ መርፌው ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

እዚህ ላይ ክፍሉ ይነቃል። አንዱ ትእዛዝ ነው ይሰጥ ይላል፤ ሌላዋ አትስጡ ትላለች። ከዚያ ገጹን ራሳቸው ይገልጣሉ፦ ትንፋሹ ቢያንስ 16 መሆን እንዳለበት፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖር እንዳለበት፣ ሽንቱ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆን እንዳለበት፣ ማርከሻው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት መሆኑን። በዚህ መንገድ ያገኙትን አይረሱም። የባልየው ጥያቄም ትርፍ አይደለም፤ በዋርድ ውስጥ ነርስን የሚያስቸኩላት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የቤተሰብ ጭንቀት ነውና።

ጉድለቱስ? አንድ ጥሩ ታሪክ ለማዘጋጀት እኔ ሁለት ምሽት ይፈጅብኛል። 60 ተማሪ ካለ ስድስት ቡድን ይሆናል፤ ስድስት አስተባባሪ ከየት ይመጣል? መሠረቱ የሌለው ተማሪ ደግሞ በውይይቱ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሁለት ጎበዞች ይከራከራሉ፣ የተቀሩት ያዳምጣሉ። ስለዚህ ያለ ገለጻ ብቻውን አይቆምም።

የክህሎት ቤተ ሙከራ

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ቤተ ሙከራ ሲባል ውድ የሰው አምሳያ አሻንጉሊት ያስባሉ፤ በጀት የለም ብለውም ይተዉታል። ፋርማኮሎጂን በተመለከተ ይህ ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው የፕላስቲክ ሰው ሳይሆን አምፑል ነው። አጠገባችሁ ካለው ጤና ተቋም ጋር ተስማሙና ጽሑፋቸው ያልጠፋ ያልተከፈቱ የማሳያ አምፑሎችንና ባዶ ብልቃጦችን ሰብስቡ፤ የተለያየ መጠን የሚይዙት ጎን ለጎን ይቀመጡ። በብልቃጦቹ ውስጥ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ላይ «ለመማሪያ ብቻ» ብላችሁ በጉልህ ለጥፉ፤ ሳጥኑም ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ከሕሙማን ክፍል አጠገብም ፈጽሞ አይድረስ። ሲሪንጅ፣ ሴፍቲ ቦክስ፣ የመድኃኒት መስጫ ቅጽ፣ ለመርፌ ልምምድ ብርቱካን። በዚህ ብቻ ብዙ ርቀት ይኬዳል።

እኔ የማሠራቸውን ልምምድ ላሳያችሁ። በጠረጴዛው ላይ ሁለቱ የጄንታማይሲን አምፑሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የጨቅላው ክብደት ወረቀት ላይ ተጽፏል። ተማሪው መጀመሪያ የአምፑሉን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ቀጥሎ ያሰላል፤ ጓደኛው ለብቻው ያሰላል፤ ሁለቱ መልስ ሲገጥም ብቻ ይስባል። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ሳልናገር አምፑሉን እቀይረዋለሁ። 15 ሚሊ ግራም ከ20ው አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ80ው ግን 0.38 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሳያነብ የሳበ ተማሪ እዚያው ይታወቃል፤ የሚጎዳ ሕፃን ግን የለም።

ለአካባቢያችን ደግሞ አርቴሱኔትን አልተውም። ጅማ ዙሪያ ካሉት ቆላማ ወረዳዎች ወባ አይጠፋም፤ ተመራቂው በመጀመሪያው ወር ሊገጥመው የሚችል መድኃኒት ነው። በተለመደው አዘገጃጀት 60 ሚሊ ግራሙ ዱቄት በ1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይጨመርበታል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ20 ኪሎ በታች ስለሆነ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ይሰላለታል፤ 36 ሚሊ ግራም፣ 3.6 ሚሊ ሊትር። ከ20 ኪሎ ጀምሮ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም ነው። በገለጻ ላይ ይህ ሁሉ ቁጥር ነው። በጠረጴዛ ላይ ግን ተማሪው በእጁ ያሟሟል፣ በእጁ ይቀላቅላል፣ የልጁና የአዋቂው ስሌት እንደሚለያይ ጣቱ ያስታውሰዋል። የጠብታ ስሌትም እንዲሁ፦ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ሰዓት ይዘው እውነተኛ ጠብታ ይቁጠሩ።

የቤተ ሙከራው ዋጋ በገንዘብ አይደለም፤ በሰዓት ነው። 60 ተማሪ በአሥር አሥር ቢከፈል ለአንድ ርእስ ስድስት ጊዜ መደገም አለበት። የመምህሩ የሥራ ሰዓት ሲመደብ ይህ ካልተቆጠረለት ቤተ ሙከራው በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል። በጀት የምታጸድቁ ሰዎች አሻንጉሊት ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ ሰዓት ክፈሉ ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ።

በዋርድ፣ ከመድኃኒት ዙር ጋር

ለእውነቱ የሚቀርበው ይህ ነው። ተማሪው እውነተኛ ታካሚ፣ እውነተኛ ቅጽ፣ እውነተኛ ሰዓት ያገኛል። ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት የሚለው የአምስቱ ትክክሎች መመሪያ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው።

በተለይ ስለ ሰዓቱ ጥቂት ልቆይ፤ የውጭ መጻሕፍት የማያነሱት የእኛ ጉዳይ ነውና። በብዙ ዋርድ የመድኃኒት ሰዓት የሚጻፈው በውጭው አቆጣጠር ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት 6፣ 2፣ 10 ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ነው። አዲስ ተማሪ ግን «2»ን አይቶ ጠዋት 2 ሰዓት ሊመስለው ይችላል፤ ያኔ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ይሰጣል። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጠው 6፣ 12፣ 6፣ 12 ስለሆነ በሁለቱም አቆጣጠር እነዚያው ሰዓቶች ላይ ይወድቃል፤ ተማሪው በእሱ ተሳስቶ እንኳ ስለማይታወቅበት የ8 ሰዓቱ ላይ በድንገት ይሰናከላል። ታካሚውን ስንመክርም እንዲሁ ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ያልነው ሰው ከቁርስ፣ ከምሳ፣ ከእራት ጋር ይወስደዋል፤ ሌሊቱ ረጅም ክፍተት ይሆናል። በእነዚህ ላይ ማንም ሲወያይ የሰማሁት በዋርድ ውስጥ ብቻ ነው።

የዋርዱ ችግር ደግሞ ዕድል ነው። በዚያ ሳምንት በክፍሉ የተኛው ታካሚ የሚወስደውን መድኃኒት ትማራለህ፤ ያልተኛውን አትማርም። አንድ ተማሪ በአንድ ወር ልምምድ ሴፍትሪያክሶንን መቶ ጊዜ ሰጥቶ ኢንሱሊንን አንድም ጊዜ ሳያይ ሊወጣ ይችላል። ቁጥሩም ያስጨንቃል፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአልጋ አጠገብ አምስት ደቂቃ ብንሰጥ 60 ተማሪ አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ታካሚውም ሰው ነው፣ ይደክመዋል። በአንድ አልጋ ዙሪያ ከስድስት በላይ ተማሪ ማቆም ለማንም አይበጅም። ከሁሉም በላይ ውጤቱ የሚወሰነው አብሮ በሚቆመው ነርስ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ያን ዕለት ሕፃኑን ያተረፈችው ሲስተር እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያሉ ነርሶች በትርፍ ሰዓታቸው ያስተምሩልናል፤ ኮሌጆች ቢያንስ የምስክር ወረቀትና የሚገባቸውን ክፍያ ሊያስቡላቸው ይገባል።

ቪዲዮና የስልክ መተግበሪያ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ተማሪው ደጋግሞ ሊያየው መቻሉ ጥሩ ነው፤ ወርዶ በስልክ ከተቀመጠ ኢንተርኔትም አይፈልግም። መድኃኒት በሴል ውስጥ የሚሠራውን በሥዕል ማሳየት ላይ ከሰሌዳ ይበልጣል። ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ የአሜሪካ ቪዲዮዎች መድኃኒቶችን በሌላ ስም ይጠራሉ፦ ፓራሲታሞልን አሴታሚኖፌን፣ አድሬናሊንን ኤፒነፍሪን፣ ሳልቡታሞልን አልቡቴሮል፣ ፔቲዲንን ሜፔሪዲን ይላሉ። የስም ማነጻጸሪያ ሳይሰጡ ተማሪን ወደ ቪዲዮ መስደድ ማደናገር ነው። ሁለተኛ፣ መጠን ከቪዲዮ አይወሰድም፤ መጠን ከአገራችን የሕክምና መመሪያ ይወሰዳል።

ካርድና የዕለት ጥያቄ

ከሁሉም ርካሹ፣ በእኔ ሚዛን ደግሞ ለወጪው ከሁሉም ብዙ የሚመልሰው ይህ ነው። ተማሪው ለእያንዳንዱ መድኃኒት በወፍራም ወረቀት ላይ ካርድ ይሠራል፦ በፊት ለፊቱ ስሙ ብቻ፣ በጀርባው ለምን እንደሚሰጥ፣ ከመስጠት በፊት ምን እንደሚመረመር፣ መቼ እንደሚከለከል፣ ለታካሚው ምን እንደሚነገር። የሪፋምፒሲን ካርድ ጀርባ ላይ «ሽንትዎ ቀላ ያለ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ» የሚል አረፍተ ነገር ተማሪው በሚናገርበት ቋንቋ ይጻፋል። የኢታምቡቶል ላይ ስለ ዓይን፣ የአይሶኒያዚድ ላይ ስለ እጅና እግር መደንዘዝ።

ዋናው ነገር ካርዱን ማንበብ ሳይሆን ጀርባውን ሳያዩ መመለስ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ቢያስታውሱም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠዋቸዋል። ይህን በክፍሌም አይቼዋለሁ። በየቀኑ ትምህርት ሲጀመር አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ሦስቱ ከትናንት፣ ሁለቱ ከወር በፊት። ነጥብ አልይዝበትም። ነጥብ ሲያዝ ይኮርጃሉ፤ ካልተያዘ የማያውቁትን በግልጽ ያያሉ። መብራት አይፈልግም፤ ዝናብም አያቆመውም። እጅን ግን አያስተምርም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | እጅ | ማስታወስ | ማመዛዘን | የሚመች የተማሪ ቁጥር | የገንዘብ ወጪ | የመምህር ሰዓት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ገለጻ | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | እስከ 100ና ከዚያ በላይ | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| የታካሚ ታሪክ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በቡድን 8–10 | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| የክህሎት ቤተ ሙከራ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | በዙር 10 | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ |
| ዋርድ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ግን በዕድል | በጣም ጥሩ | በአልጋ እስከ 6 | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ቪዲዮና መተግበሪያ | ደካማ | መካከለኛ | ደካማ | ገደብ የለውም | ስልክ ካለ ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ካርድና የዕለት ጥያቄ | ደካማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ገደብ የለውም | በጣም ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ ይስማማል?

ብዙ ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ኮሌጅ ከሆናችሁ፦ ገለጻውን አትጣሉት፤ ግን ከሰዓቱ አንድ ሦስተኛውን ቀንሳችሁ ለካርድና ለዕለት ጥያቄ ስጡ። አንድ የአምፑል ሳጥን አዘጋጁና ጎበዝ የላይኛው ዓመት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በእናንተ ክትትል ሥር ያለማምዷቸው። ለዚህ የሚጠይቀው ገንዘብ ከጥቂት ፓኬት ሲሪንጅ አያልፍም።

ጥቂት በጀት ያለው፣ ተማሪው ከ30 የማይበልጥ የግል ኮሌጅ ከሆነ፦ ገንዘቡን በቤተ ሙከራ ሰዓትና በዋርድ አለማማጅ ነርሶች ክፍያ ላይ አውሉት። ሁለቱ ከተሟሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ስለ አሻንጉሊቱ አስቡ።

ከማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ተቋም ከሆነ፦ ዋርዱን መሠረት አድርጉ፤ ግን የዕድሉን ችግር በዝርዝር ቅጽ ዝጉት። እያንዳንዱ ተማሪ ሳያይ መውጣት የሌለበትን 30 ያህል መድኃኒት ዘርዝሩ፤ በዋርድ ያላገኘውን በቤተ ሙከራ ያሟላ። ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር በቀጥታ ተገፍቶ እንደማይሰጥ ተማሪው ከዋርድ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ሰው ሊጠይቀው ይገባል።

በጤና ጣቢያ እየሠሩ የሚማሩ የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ካሏችሁ፦ ለእነሱ ረጅም ገለጻ አይስማማም። እጃቸው ሠልጥኗል፤ ልምዳቸው ውስጥ ግን ለዓመታት ያልታረመ ስሕተት ሊኖር ይችላል። የታካሚ ታሪክ ይበጃቸዋል። ታሪኩንም ከራሳቸው ሥራ እንዲያመጡ አድርጉ፤ ስምና መታወቂያ ሳይነሳ።

የመውጫ ፈተናው ሁለት ወር ከቀረው አዲስ መንገድ አትጀምሩ። ካርድና ጥያቄ ብቻ።

ፋርማኮሎጂ ለብቻው ኮርስ ይሁን ወይስ ከሌሎቹ የነርሲንግ ኮርሶች ጋር ይዋሃድ የሚለው ጥያቄም ይነሳል። መልሴ አጭር ነው፦ መሠረቱ ለብቻው፣ መድኃኒቶቹ ደግሞ ከበሽታዎቹ ጋር። ለብቻው ብቻ ከሆነ ኮርሱ ካለቀ በኋላ ማንም አይመለስበትም። ሙሉ በሙሉ ከተዋሃደ ደግሞ የሁሉም ሥራ ይሆንና የማንም ሳይሆን ይቀራል።

መንገዶቹን እንዴት እናጣምር፦ የኢንሱሊን ሳምንት

ሰኞ የ40 ደቂቃ ገለጻ፦ ፈጣኑና ዘገምተኛው ኢንሱሊን፣ የስኳር መውረድ ምልክቶች። ማክሰኞ ቤተ ሙከራ፦ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት መኖሩን ከብልቃጡ ያነብባሉ፤ 10 ዩኒት 0.1 ሚሊ ሊትር መሆኑን፣ በተራ ሲሪንጅ መሳብ ለምን አደገኛ እንደሆነ በእጃቸው ያዩታል። ረቡዕ የታካሚ ታሪክ፦ ኢንሱሊኑን ወስዶ ምሳ ሳይበላ የቀረ፣ ላብ ያጠመቀው የቡና ለቀማ ሠራተኛ። ሐሙስ በዋርድ። በየጠዋቱ አምስት ጥያቄ።

ዓርብ ወደ ማኅበረሰቡ ይወጣሉ። በዚህ ጅማ የቆየ ልምድ አላት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርቱ የሚታወቅ ነው። ተማሪው ከታካሚው ቤት ይገባል። ማቀዝቀዣ የለም። ታዲያ ኢንሱሊኑ የት ነው የሚቀመጠው? አንዳንዱ ቤት እርጥብ አሸዋ በተሞላ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሸክላ አስቀምጦ ያገኛል፤ ውሃው ሲተን ብልቃጡን ያቀዘቅዘዋል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ያገኘዋል። ተማሪው በዚያች ሰዓት ስለ ኢንሱሊን የሚሰጠው ምክር፣ በታካሚው ቋንቋ፣ በታካሚው ቤት ባለ ዕቃ፣ የሳምንቱ ፈተና እሱ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ያየውን በካርዱ ጀርባ ላይ ይጽፈዋል፤ ሰኞ ጠዋት ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱ ከዚያ ይወጣል።